ለኩላሊት ልገሳ ራሱ ፈቃድ መስጠት የማይችል አዋቂ፦ ቤተሰብ የሚመርጥባቸው የሕግ መንገዶች በንጽጽር

ባሕር ዳር ውስጥ በጥብቅና ሥራ ላይ ስኖር ከገጠሙኝ ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በሁለት ቃል ነው፦ «ማን ይፈርምለት?» ይህን ጥያቄ ይዘው የሚመጡት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ከእጥበት መሣሪያ ጋር የሚታሰር ወንድም ወይም ልጅ ያላቸው፣ ጥሪታቸው እየተሟጠጠ የሄደ፣ ሐኪሙ «ለጋሽ ፈልጉ» ብሎ ያሰናበታቸው ቤተሰቦች ናቸው።

ከእነዚህ የአንዱን ቤተሰብ ጉዳይ፣ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እየመላለስኩ አነሣዋለሁ። በእጥበት ላይ የነበረው ታላቁ ወንድም ነው። ከእሱ በታች ከነበሩት አራት እኅትና ወንድሞች አንዱ የደም ግፊት ተገኘበት፤ ሌላው የደም ዓይነቱ አልገጠመም፤ መራዊ ከተማ ያገባችው እኅት ደግሞ «ልጆች አሏት፣ እሷስ አትነካ» ተብላ ሳትመረመር ታለፈች። ምርመራው የገጠመው ታናሹ ነበር፤ ዕድሜው ሠላሳ ገደማ የሆነ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት፣ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ወርዶ ከዘጌ በታንኳ የሚመጣውን የማገዶ እንጨት ሲያራግፍ የሚውል ሰው። ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ ገንዘብ ቆጥሮ መመለስ ይቸግረዋል፤ የየታንኳውን ባለቤት ግን በስም ያውቃል፤ ማን ስንት ሸክም እንዳመጣም አይረሳም። ለእሱ ነበር ፈራሚ የሚፈለገው።

እንዲህ ላለ ቤተሰብ የተለያዩ አገሮች ሕጎች የሚከፍቱትም የሚዘጉትም መንገድ በአራት ሊከፈል ይችላል፦ ሰውየውን አግዞ ራሱ እንዲወስን ማድረግ፣ በሕግ የተሾመለት አሳዳሪ እንዲፈርምለት ማድረግ፣ ፍርድ ቤት እንዲፈቅድ መጠየቅ፣ ወይም ከእሱ መውሰድን ጨርሶ ትቶ ሌላ መፍትሔ መፈለግ። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ ኩላሊትን በተመለከተ ትክክለኞቹ ምርጫዎች የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ «ማን ይፈርምለት» ከሚለው በፊትም «ለምን እሱ ተመረጠ» የሚለው መጠየቅ አለበት።

ኩላሊትና መቅኒ

ወደ ንጽጽሩ ከመግባት በፊት የሚለገሰው ምን እንደሆነ መለየት ግድ ነው፤ ብዙዎቹ ሕጎች የሚለያዩት በዚህ መስመር ላይ ነውና። ኩላሊት አንዴ ከወጣ አይተካም። ጤነኛ ሰው በአንድ ኩላሊት ረጅም ዕድሜ መኖር ቢችልም፣ ለጋሹ በሰመመን ውስጥ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ያልፋል፤ ከዚያ በኋላም የደም ግፊቱንና የሽንቱን ሁኔታ ዕድሜ ልኩን መከታተል ይኖርበታል። በአሜሪካ በተመዘገቡ ለጋሾች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት ከ10,000 ለጋሾች 3 ያህሉ በቀዶ ሕክምናው በ90 ቀናት ውስጥ እንደሞቱ አሳይቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ለራሱ ጤና ምንም ለማያገኝ ሰው የቀረበ አደጋ ስለሆነ በሌላ ሚዛን መታየት ይገባዋል።

የአጥንት መቅኒ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሱን ይተካል። ከዳሌ አጥንት በመርፌ ሲቀዳ ሰመመንም ሕመምም አለው፤ ዛሬ ደግሞ በብዙ ቦታ ለጋሹ ለጥቂት ቀናት መርፌ ተወግቶ የሚያስፈልገው ሕዋስ በቀጥታ ከደሙ እየተጣራ ይወሰዳል። ሌላም ልዩነት አለ። ኩላሊት የሚፈልግ ሰው ከለጋሹ ጋር ሙሉ በሙሉ ባይገጥም እንኳ ሰውነቱ ባዕዱን አካል እንዳይቃወም በሚያደርጉ መድኃኒቶች ሊረዳ ይችላል፤ እስከዚያውም እጥበት አለለት። መቅኒ ፈላጊው ግን ብዙውን ጊዜ ጥብቅ መመሳሰል ያስፈልገዋል፤ አንድ እናትና አባት ከወለዷቸው ሁለት ልጆች ሙሉ በሙሉ የመገጣጠማቸው ዕድል ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ በመቅኒ ጉዳይ «ከእሱ በቀር ማንም የለም» የሚለው ቃል እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በኩላሊት ጉዳይ ግን ይህ ቃል ከመታመኑ በፊት መመርመር ይኖርበታል።

ራሱ እንዲወስን ማገዝ

በአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ማንኛውም ሰው በሕግ ችሎታ የለውም ካልተባለ በቀር የፍትሐ ብሔር ሥራዎችን ሁሉ ለመፈጸም ችሎታ አለው፤ አንቀጽ 192 ይህን ሲደነግግ አንቀጽ 196 ደግሞ ችሎታ መኖሩን እንደ መነሻ ግምት ይወስዳል። ይህ ግምት ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ሰውየው «ዘገምተኛ ነው» ስለተባለ ብቻ ድምፁ እንዳይነፈግ ይጠብቀዋል። በሌላ በኩል ግን በፍርድ ያልተከለከለ፣ ማለትም ፍርድ ቤት ችሎታውን ያልነሣው ሰው ምን እንደተጠየቀ ሳይገባው አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ቢያትም ወረቀቱ ሲታይ ሙሉ ፈቃድ ይመስላል። ከሁሉ የምፈራው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ማንም ሳያስተውለው ያልፋልና።

ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን ለመለየት የሚረዳ ግልጽ መለኪያ ያገኘሁት በእንግሊዝና በዌልስ በሚሠራበት እ.ኤ.አ. የ2005 የአእምሮ ችሎታ ሕግ ውስጥ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው አራት ነገር ነው፤ ሰውየው የተነገረውን ይረዳል ወይ፣ ለመወሰን እስከሚበቃው ጊዜ ድረስ በአእምሮው ይይዘዋል ወይ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን ያመዛዝናል ወይ፣ ውሳኔውንስ በንግግርም ሆነ በምልክት ያሳውቃል ወይ። ችሎታ የሚለካው ለአንዱ ውሳኔና በዚያው ጊዜ ነው፤ ገንዘብ መቁጠር የማይችል ሰው ስለ ሰውነቱ መወሰን ላይሳነው ይችላል። የሚቻለው እገዛ ሁሉ ተደርጎለት እስካልታየ ድረስም አይችልም አይባልም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ከዚህም አልፎ፣ አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ሰዎች እኩል የሕግ ችሎታ እንዳላቸውና መንግሥታት ይህን ችሎታ ለመጠቀም የሚያስፈልጋቸውን እገዛ ማቅረብ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላዋለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

እገዛ ሲባል ምን እንደሚመስል ከታናሹ ወንድም ጉዳይ ላሳይ። ከቤተሰቡ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላት የሥነ ልቦና ባለሙያ እንድታነጋግረው አደረግን። ቢሮ ውስጥ ሲቀመጥ አንገቱን ደፍቶ ለሁሉም ነገር «እሺ» ይላል፤ ስለዚህ እሱ ወደሚያውቀው ወደ ሐይቁ ዳር ወጥተን፣ ታንኳዎቹ ከሚታሰሩበት ራቅ ብሎ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ባለሙያዋ መጀመሪያ ያደረገችው እምቢ ማለት ይችል እንደሆነ ማየት ነበር። በአንገቱ ያንጠለጠላትን ትንሽ ሬዲዮ «ለእኔ ትሰጠኛለህ?» ብላ ጠየቀችው። «አልሰጥም፣ እትዬ» አለ፣ ሬዲዮኑን በእጁ ሸፍኖ። ከዚያ ሁለት ባቄላ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችና ጀርባው ውስጥ ሁለት ኩላሊቶች እንዳሉ፣ የወንድሙ ሁለቱም እንደደከሙ አስረዳችው። አንዱን ባቄላ አንሥታ እኔ መዳፍ ላይ አኖረችው። «ይሄ ለወንድምህ ከተሰጠ በኋላ ምን ይሆናል?» አለችው። ጥቂት አሰበና «ሲሻለው ይመልስልኛል» አለ።

በዚያ ቀን ፈርም ቢባል ይፈርም ነበር። ቤተሰቡም እውነቱን ነበር «ጠይቀነው እሺ ብሏል» ያለው። እሱ ግን እሺ ያለው ለብድር ነው።

ከሳምንት በኋላ ተመለስን። ባቄላዎቹን አልረሳም፤ ገና ስንቀመጥ መዳፉን ዘረጋ። በዚህ ጊዜ «አይመለስም» ብሎ በራሱ አፍ ተናገረ። መረዳትና ማስታወስ ላይ ደረሰ ማለት ነው፤ ማመዛዘኑ ቀረ፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አንዴ ጠይቆ «አልገባውም» ብሎ መዝጋትም፣ አንዴ ጠይቆ «እሺ ብሏል» ብሎ ማስፈረምም እኩል ስሕተት መሆናቸው ነው። በእኛ አገር ለታላቅ ሰው «እሺ» ማለት ጨዋነት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በታዛዥነቱ ሲመሰገን ለኖረ ሰው ደግሞ ቃሉ የመስማማት ምልክት ከመሆኑ ይልቅ የሰላምታ ያህል ይቀለዋል። ስለዚህ ጥያቄው እናት፣ አባት፣ ታማሚው ወንድምና የነፍስ አባት በሌሉበት፣ በተለያየ ቀን፣ ሰውየው ራሱ በሚጠቀምባቸው ቃላት መጠየቅ አለበት፤ መልሱም «እሺ» ወይም «እምቢ» ተብሎ ሳይጨመቅ ቃል በቃል መመዝገብ አለበት።

የአሳዳሪ ፊርማ

ቤተሰቦች ቶሎ የሚያስቡት መንገድ ይህ ነው፦ ፍርድ ቤት ሄዶ ሰውየው በፍርድ እንዲከለከል ማድረግ፣ አባት ወይም ወንድም አሳዳሪና ሞግዚት ሆኖ እንዲሾም ማስወሰን፣ ከዚያም በሹመቱ መፈረም። እኔ ግን ከአራቱ ሁሉ የባሰው ይህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ሕጉ ራሱ አይደግፈውም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራንና ሕክምናን እምቢ የማለት መብት እንዳለው ከደነገገ በኋላ፣ አሳዳሪ በሚያሳድረው አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ወይም በፍርድ የተከለከለ ሰው ላይ ያለውን ሥልጣን ያስቀምጣል። ያ ሥልጣን ግን ለዚያው ሰው ጤንነት የሚጠቅም ምርመራ ወይም ሕክምና እንዲያገኝ የማድረግ ሥልጣን ነው። ኩላሊት ማውጣት ለለጋሹ ጤንነት የሚጨምርለት የለም። የአንቀጹ ቃል በግልጽ የጤና ጥቅምን መስፈርት አድርጎ ሳለ፣ የሌላውን ሰው ጤና ለመጥቀም የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በአሳዳሪ ፊርማ ይፈቀዳል ብሎ መከራከር ሕጉን ከተጻፈበት ዓላማ ማስወጣት ነው። በዚህ ላይ አንቀጽ 18 ሰው በሕይወት እያለ በአካሉ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ የአካል ማስተላለፍ ተግባር በሕክምና ሙያ ደንብ የተደገፈ ካልሆነ በቀር በሕግ ፊት ዋጋ እንደሌለው ይናገራል። ይህ አንቀጽ የተጻፈው ስለ ራሱ አካል ለሚወስን ሰው መሆኑንም ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ሌላው ሰው ስለሚወስንለት አካል አይናገርም።

ሁለተኛው ችግር የጥቅም ግጭት ነው። አሳዳሪ የሚሆነው አባት የታማሚውም አባት ነው። አንደኛው ልጁ እየሞተበት ያለ ሰው ለሌላኛው ልጁ ጥቅም ብቻ ቆሞ እንዲያስብ መጠየቅ በሰው አቅም ላይ ያልተገባ ሸክም መጫን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ብዙዎች የማያስቡት ነው፦ የፍርድ ክልከላ ለአንድ ቀን ፊርማ ተብሎ ከተጠየቀ በኋላ ከቀዶ ሕክምናው ጋር አብሮ አያበቃም። ሰውየው ውል መዋዋሉ፣ በገንዘቡ ማዘዙ፣ ሌላም ብዙ ነገር ይነካበታል። እንጨት አራግፎ በሚያገኛት ገንዘብ ራሱን ችሎ ሻይ የሚጠጣን ሰው ለአንድ ኩላሊት ሲባል ከሕግ ችሎታው ማውረድ የሚመጣጠን አይደለም።

የፍርድ ቤት ፈቃድ

ይህ መንገድ ከአሳዳሪ ፊርማ ይሻላል፤ ቢያንስ ለሁለቱም ወገን ያልቆመ ዓይን ያየዋል። ፍርድ ቤቶች የተጠቀሙባቸው ሚዛኖች ሁለት ናቸው። አንዱ «ሰውየው መወሰን ቢችል ኖሮ ምን ይወስን ነበር?» ይላል። ሌላው «ለሰውየው ራሱ የሚሻለው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ሚዛን በፊት አስተዋይ ለነበረና ሐሳቡ ለታወቀ ሰው ትርጉም አለው፤ ከልደቱ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሐሳብ ገልጾ ለማያውቅ ሰው ግን የሚወሰነው የዳኛው ወይም የቤተሰቡ ምኞት ነው፤ በሰውየው ስም ይጻፍ እንጂ።

በአሜሪካ የኬንታኪ ግዛት ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 በስትራንክ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ በዚህ መስክ ከሁሉ በላይ ይጠቀሳል። ታማሚው 28 ዓመቱ ነበር፤ 27 ዓመት የሆነው ወንድሙ፣ በመንግሥት ተቋም ውስጥ ይኖር የነበረውና የአእምሮ ዕድሜው ስድስት ዓመት ገደማ የተባለው ሰው ኩላሊቱን እንዲሰጥ አራት ዳኞች ፈቀዱ፤ ሦስት ተቃወሙ። የብዙኃኑ ምክንያት ይህ ሰው በስሜት በወንድሙ ላይ የተደገፈ ስለሆነ ከኩላሊቱ ይልቅ የወንድሙ ሞት ይጎዳዋል የሚል ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ የዊስኮንሲን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፔሺንስኪ ጉዳይ ተቃራኒውን ወሰነ። ታማሚዋ ትናንሽ ልጆች ያሏት እናት፣ ሊለግስ የታሰበው ደግሞ በአእምሮ ሕመም ተቋም የሚኖር የ39 ዓመት ወንድሟ ነበር። ፍርድ ቤቱ ለእሱ የሚሆን ጥቅም አልታየኝም፣ እሱን ተክቼም አልወስንም ብሎ ከለከለ። በዚያ መዝገብ ውስጥ የተጻፈ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያሳስበኛል፦ ሌላ ጤነኛ ወንድም ነበር፤ አሥር ልጆች ያሉት፣ የወተት ከብት የሚያረባ ሰው፤ እርሻዬንና ቤተሰቤን የሚይዝልኝ የለም ብሎ እምቢ አለ። እምቢታው ተከበረለት፤ ማንም ፍርድ ቤት አላቆመውም። ፍርድ ቤት የተኬደው እምቢ ማለት በማይችለው ላይ ነው።

የኬንታኪው ምክንያት ለእኛ አገር ሰው ጆሮ ቅርብ ነው። «ታላቅ ወንድሙ ከሞተ እሱንስ ማን ያየዋል?» የሚለው የብዙ እናቶች ቃል ነው፤ ሐሰትም አይደለም። አንድ ግቢ ውስጥ አብረው ለሚኖሩ ሰዎች የአንዱ መትረፍ ለሌላው መኖሪያ ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር ወዴት እንደሚወስድ እንይ፦ ሰው በሌላ ላይ ይበልጥ በተደገፈ ቁጥር አካሉን ለመውሰድ የሚቀርበው ምክንያት ይበልጥ ይጠነክራል ማለት ነው። ራሱን የቻለው ወንድም እምቢ ይላል፤ ያልቻለው ደግሞ ስላልቻለ ብቻ «ይጠቅመዋል» ይባላል። ለዚህ ነው በኩላሊት ጉዳይ የስሜት ጥቅም ብቻውን በቂ ምክንያት ነው የሚለውን የማልቀበለው።

በመቅኒ ጉዳይ ሚዛኑ ይለወጣል። የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 ባየው ጉዳይ ከባድ የአእምሮ ጉዳት ያለባት የ25 ዓመት ሴት ለ36 ዓመት እኅቷ መቅኒ እንድትሰጥ ፈቅዷል። ምክንያቱ በእናታቸው በኩል የሚያልፍ ነበር፦ ታማሚዋ ከሞተች እናትየው በሐዘንና በልጅ ልጇ እንክብካቤ ተይዛ ወደ ተቋሙ እየሄደች ይህችኛዋን መጠየቅ ይቸግራታል የሚል። ዳኛው ግን ውሳኔው ከዚህ የከበደ ቀዶ ሕክምና ላለበት ጉዳይ አርአያ እንደማይሆን አስጠንቅቀዋል። ዛሬ እዚያ አገር ከፍርድ ቤቱ ፈቃድ በኋላ የሰው ኅብረ ሕዋስ ባለሥልጣን ጉዳዩን እንደገና ያየዋል። ለእኛም በመቅኒ ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ቤተሰብ ካለ፣ ለታማሚው የሚከራከረው ጠበቃ ለለጋሹም እንዳይቆም፣ ለለጋሹ ብቻ የሚቆም ሌላ ሰው እንዲሾምለት፣ ዳኛውም ሰውየውን በዓይናቸው እንዲያዩት ከመጀመሪያው ቀን መጠየቅ አለበት።

መከልከልና ሌላ መፍትሔ መፈለግ

ብዙ አገሮች የመረጡት ይህን ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የንቅለ ተከላ ሕጓ በሕይወት ያለ ለጋሽ አካለ መጠን ያደረሰና ራሱ ፈቃድ ለመስጠት የሚችል መሆን አለበት ትላለች። ፈረንሳይ በሕጋዊ ጥበቃ ሥር ካለ አዋቂ የአካል ክፍል እንዳይወሰድ ትከለክላለች፤ ለመቅኒ ጠባብ በር ትታለች። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 በኦቪዬዶ የተፈረመው ስምምነትም እንዲሁ ነው፤ ራሱን ለሚተካ ኅብረ ሕዋስ ብቻ፣ ፈቃድ መስጠት የሚችል ተስማሚ ለጋሽ ሲጠፋ፣ ተቀባዩ ወንድም ወይም እኅት ሲሆን፣ ሕይወት የማዳን ተስፋ ሲኖረው፣ በሕግ ሥልጣን ያለው አካል ሲፈቅድና ለጋሹ ራሱ ሳይቃወም ሲቀር ይፈቅዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 የተቀበላቸው መሪ መርሆችም ለልጆች የተቀመጠው ክልከላ በሕግ ችሎታ ለሌለው ሰው ሁሉ እንደሚሠራ ይገልጻሉ።

ለባሕር ዳር ቤተሰብ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በተግባር የሚነካው የሕንድ ሕግ ነው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከተጀመረ ወዲህም፣ ገንዘብ አሰባስበው ወደ ሕንድ የሚሄዱ ሕመምተኞች ብዙ ናቸው። የሕንድ የንቅለ ተከላ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሻሻል የአእምሮ ችግር ካለበት ሰው በሕይወት እያለ የአካል ክፍል መውሰድን በግልጽ ከልክሏል፤ የውጭ አገር ለጋሽና ተቀባይ ዝምድናቸውን በኤምባሲያቸው ማረጋገጥና በፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ ፊት መቅረብ አለባቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ወንድም ይዞ ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብ ቤቱን ከመሸጡና ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይህን ይወቅ። የሰውየውን ሁኔታ ደብቆ በኮሚቴው ፊት «ሁሉን ያውቃል» ብሎ ማቅረብ ደግሞ ሰውየውን ከሁሉም ጥበቃ አውጥቶ በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ቋንቋ መጣል ነው።

የዚህ መንገድ ድካም በስያሜ መፍረዱ ነው። የሕንዱ ሕግ የአእምሮ ሕመምንና የእድገት ውስንነትን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይይዛል። መድኃኒቱን እየወሰደ ለዓመታት በሰላም ሥራውን የሚሠራ፣ ለእኅቱ ኩላሊቱን ለመስጠት አስቦበት የቆረጠ አስተማሪ በአንድ ወቅት አማኑኤል ሆስፒታል ስለተኛ ብቻ ለዘላለም ተከልከል መባሉ ፍትሕ አይመስለኝም። ክልከላ መኖር ያለበት ይህን ውሳኔ መወሰን በማይችል ሰው ላይ እንጂ በሕመም ስም ላይ አይደለም።

ከሞት በኋላ ስለሚደረግ ልገሳ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2020 ጀምሮ በሕይወት ሳለ ያልተቃወመ አዋቂ ሲሞት እንደፈቀደ የሚቆጥር ሕግ ብታወጣም፣ ከመሞቱ በፊት ለረጅም ጊዜ ይህን ለመረዳት ችሎታ ያልነበረውን ሰው ከዚህ ግምት አውጥታዋለች። ዝምታ ፈቃድ ተብሎ በሚቆጠርበት አገር እንኳ የእሱ ዝምታ ፈቃድ አይባልም።

በየሁኔታው የትኛው?

ሕመሙ የሚመጣና የሚሄድ ሰው ከሆነ መልሱ መጠበቅ ነው። ደኅና በሆነበት ወቅት ይጠየቅ፣ ጊዜ ተሰጥቶት ደግሞ ይጠየቅ፤ ታማሚው በእጥበት መቆየት እስከቻለ ድረስ መቸኮል ለማንም አይበጅም። በእርጅና የመርሳት ሕመም የያዛቸው አባት ወይም እናት ከሆኑ፣ «በደኅናቸው ጊዜ ነፍሳቸውንም ይሰጡ ነበር» መባሉ እውነት ቢሆንም፣ በዕድሜያቸው ምክንያት በሕክምናም የሚመረጡ አይደሉም፤ እዚያው መተው ይሻላል። በአደጋ ራሱን ስቶ ከተኛና ይነቃል ተብሎ ከሚጠበቅ ሰው ስለመውሰድ ማንሣት ጨርሶ አይገባም። ከልደት ጀምሮ ውስንነት ያለበት ሰው ከሆነ ግን፣ ለመቅኒ ፍርድ ቤት ሊኬድ ይችላል፤ ለኩላሊት ራሱ በእገዛ መወሰን ከቻለ እንደ ማንኛውም አዋቂ ይከበርለት፣ ካልቻለ በሩ ይዘጋ። በየትኛውም ሁኔታ ገንዘብ በመካከል ከገባ ጉዳዩ ከልገሳ ወጥቶ ወንጀል ይሆናል፤ የሰዎችን ተጋላጭነት ተጠቅሞ የአካል ክፍል መውሰድ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው የመነገድ ወንጀል ከሚሸፍናቸው ብዝበዛዎች አንዱ ነው። ወደ ውሳኔ ከመሄድ በፊትም በሥራ ላይ ያለውን የጤና አዋጅና ደንብ ይዞ ከሆስፒታሉ የሕግ ክፍል ጋር በጽሑፍ መነጋገር ያስፈልጋል።

ራሱ ወስኖ እሺ ላለ ሰው ደግሞ አንድ የማይነካ መብት አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 19 አካሉን ለመስጠት ቃል የገባ ሰው በማንኛውም ጊዜ ቃሉን ሊያነሣ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ቃል የተገባለት ወገን ሊጠይቅ የሚችለው በዚያ ምክንያት ያወጣውን ወጪ ብቻ ነው። ይህን መብት ለሰውየው በሚገባው ቋንቋ መንገር፣ እምቢ ለማለት የሚጠቀምበትን ምልክት አስቀድሞ ማወቅና ለቀዶ ሕክምናው ቡድን ማሳወቅ ያስፈልጋል። አልጋ ላይ ሲወጣ ማልቀሱ፣ እጁን መሸሸጉ ወይም ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞሩ «ፈርቶ ነው» ተብሎ አይታለፍ። እንደ ቃል ይቆጠር።

ሦስተኛ ጊዜ ወደ ሐይቁ ዳር የሄድነው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ባለሙያዋ ሁለቱን ባቄላዎች ሰጥታው «ብትሰጠው ምን ይሆናል? ባትሰጠውስ?» አለችው። «ብሰጠው ይነሣል» አለ። ቀጥሎ ረጅም ዝም አለና «ባልሰጠው እማዬ ትቆጣለች» አለ። እሷም «እማዬ ባትቆጣስ?» አለችው። መልስ አልሰጠም። ሁለቱንም ባቄላዎች ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከቶ ቁልፉን ቆለፈና እንጨት ደርሶ እንደሆነ ለማየት ወደ ታንኳዎቹ ሄደ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለእናትየው ያየነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ ነገርናቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲያለቅሱ ቆዩና ስልካቸውን አውጥተው መራዊ ደወሉ። ልጃቸው ማንም ጠይቋት እንደማያውቅ፣ ለመመርመር ግን ከመጀመሪያው ፈቃደኛ እንደነበረች ነገረቻቸው።